የዳርቻዋ መስመር

ክረምት በገባ ቁጥር የሰብል ተመራማሪዋ ዶክተር የማሽላ ዘራቸውን በፖስታ በፖስታ አድርገው፣ ከከሚሴ በባጃጅ ጨፋ ወርደው ከገበሬው አብዱልጀባር ማሳ ይደርሳሉ። ሌላውን መስመር ሁሉ ለሠራተኛ ይተዉና የዳርቻዋን ብቻ ተንበርክከው በእጃቸው ይዘራሉ፤ ያውም ሥር እየመጠጠ ሰብል የሚጨርሰው አቀንጭራ የሚባል አረም የበዛበትን መሬት መርጠው። በየዓመቱ ትደርቃለች፤ በየዓመቱ ፎቶ ያነሷታል።

ዘንድሮም ስትደርቅ አብዱልጀባር አላስቻለውም።

«ዶክተር፣ ይችን እንኳ ይተዉዋት። ወላሂ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዛላ አልያዘችም።»

«ይቺ የድሮ አለቃዬ የማሽላ ዘር ናት» አሉ። «ዐሥር ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘረመሏን ያጠናሁት እኔ። ገና ማሳ ላይ ሳልፈትናት ከመሳቢያዬ ወሰደና ‹አቀንጭራን የምትቋቋም› ብሎ በስሙ አስመዘገባት። ሽልማቱንም በላ። እኔ ፈተናውን እየጨረስኩለት ነው።»

ነገ ያ ሰው ካሜራ አስከትሎ ለመስክ ጉብኝት ይመጣል። ዶክተሯ ሙሉ ስሙን ከነማዕረጉ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ከደረቀችው መስመር ራስጌ አቆሙ።

«የእንግዶቹን ዳስ የት ልትጥል ነው?»

«ከዛፉ ሥር፣ ጥላው ጋ።»

«እዚህ ጣለው» አሉ፣ የሰሌዳውን እግር በድንጋይ እየመቱ። «ፊት ለፊቷ ይቀመጥ።»