እናቴ የሠራችው ፊት

ከሱዳን እስራኤል መጥተን ቂርያት ጋት ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት ከጭቃ የሴት ፊት መሥራት ጀመርሁ። ያነሣሣኝ ንዴት ነው። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ወንዶቹ ከጎንደር ሱዳን በእግር የመጣንበትን መንገድ ይተርካሉ፤ ማን ሽፍታ እንደመለሰ፣ ማን ሽማግሌ እንዳዘለ። እኛ ሴቶቹ ሰሃን እናነሣለን። ሱዳን፣ በስደተኛው ሰፈር፣ ውኃ ስንቀዳ የደረሰብንን ግን የሚያነሣው የለም፤ ሆድ ይፍጀው ነው። የእኔን ሆድስ ፈጅቶ ጨርሶት ነበር።

እናቴ ጎንደር ሳለን ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እጄን ያፍታታሁት ከእርሷ ሥር ነው። ቀን በሚፍዓሉ፣ በጨርቅ ፋብሪካው፣ ክር ስቋጥር እውልና ስመለስ አዲስ ሕንፃ ከሚቆፈርበት ቦታ አፈር በባልዲ አመጣለሁ። እናቴ በጣቷ አሸት አድርጋ «ይህ አፈር አይረባም» አለችኝ። ቢሆንም የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ደቁሳ፣ ነፍታ ሰጠችኝ፤ የገል ዱቄት ያልገባበት ጭቃ ይሰነጠቃል።

ጎረቤት ሴቶች እየመጡ በረንዳው ላይ ይቀመጡልኝ ጀመር። ሁሉም ነጠላቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እንዲያ ነው ያደግነው። «ቀና በዪ፣ እኔን እዪኝ» እላለሁ። ቀና ለማለት ግማሽ ሰዓት የፈጀባት ነበረች። ቀና ስትል እንባዋ ወረደ፤ እንዳለች አድርጌ ሠራኋት። አንድ ሽማግሌ ደረጃው ላይ አስቁመው «ልጄ፣ ምስል መሥራት በኦሪት ክልክል ነው» ቢሉኝ፣ «አባባ፣ እኔ አልሰግድላቸውም፤ እርስዎም አይስገዱላቸው» አልኋቸው። ምላሴ ችግር የለበትም።

ችግሩ የራሴ ፊት ነበር። መስታወት አቁሜ እጀምራለሁ፣ ዓይኑ ላይ ስደርስ አፈርሰዋለሁ። ሌላዋን ሁሉ ቀና በዪ እያልሁ የራሴን ማቅናት አቃተኝ። ሱዳን ሳለን አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ወጥቼ የተመለስሁት በማግሥቱ ጧት ነው። ለእናቴ «ጄሪካኑን እንደያዝሁ ወደቅሁ» አልኋት። «እኔን ይድፋኝ» ብላ ፊቴን አጠበችልኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ለአምስተኛ ጊዜ ሳፈርሰው፣ እናቴ የሰንበት ዳቦውን ትታ መጣች። «ወዲህ በዪው» ብላ ጭቃውን ተቀበለችኝ። መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ እኔንም አላየችኝም። እጇ ፈጥኖ ግንባሬን አወጣ፣ አፍንጫዬን አወጣ። ከዚያ የታችኛውን ከንፈር አሳበጠችው፣ በጥፍሯም ሰነጠቀችው። ግራ ዓይኔን ከደነችው። አንገቱ ላይ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ አራት ጣቷን ጫን አደረገች፤ አራት ስርጉድ ቀረ። ያን ጧት ያጠበችው ፊት ነው። አንዱንም አልረሳችም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። «ታውቂ ነበር?» አልኋት።

«ጄሪካን ጣት የለውም፣ ልጄ» አለች። «ቢሰማ ባል አታገኝም ብዬ ነው ዝም ያልሁት። ሰውን ፈርቼ አንቺን ብቻሽን ተውሁሽ።»

አለቀስሁ። እርሷም አለቀሰች፣ እጇ ጭቃ ስለነበር በክንዷ እየጠረገች። ከንፈሩን ላለሰልሰው ጣቴን ውኃ ነክሬ ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለችኝ።

ያልተከደነውን ዓይን ግን በአውራ ጣቷ ቀና አደረገችው። ፊቱን አንሥታ በረንዳው ላይ ከሌሎቹ ሴቶች መካከል አስቀመጠችው፤ ሰንበት ሊገባ ስለነበር እጃችንን ታጠብን።