የምሳ ክስ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ባለ የቡና መጋዘን ተሸካሚ ነበርኩ። ስንቀጠር ከደሞዙ ሌላ በየቀኑ ምሳ በሥጋ ሊያበሉን አሠሪያችን ሐጂ ተዋውለውን ነበር። ቃላቸውንም አላጠፉም፤ ፍየሉን የሚያርዱት ግን ራሳቸው ናቸው። እኛ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ሙስሊም ያረደውን አንበላም። ማንም ቢያርደው ግድ የሌለው ኦጁሉ የሚባል አኙዋክ ባልደረባችን ድርሻችንን ጠራርጎ ሲበላ፣ እኛ በባዶ ሆዳችን ጆንያ እንሸከማለን።

ከሰስናቸው።

"ጌታዬ፣ ሥጋውን አቅርቤያለሁ። አፋቸውንም እኔ ልክፈትላቸው?" አሉ ሐጂ ዳኛው ፊት።

"ክርስቲያን ይረድልን!" አልን እኛ።

"ታዲያ እኔ በገዛ ፍየሌ ጦሜን ልዋል?"

ዳኛው ግራ ገባቸው። በመስኮቱ ወንዙን ሲያዩ ቆዩና፣ "ዓሣ አራጅ አይፈልግም። ከነገ ጀምሮ የሁሉም ምሳ ዓሣ ይሁን" ብለው ፈረዱ። ሐጂም ተስማሙ፤ እኛም እየጨፈርን ወጣን።

በማግስቱ ይግባኝ ተጠይቋል ሲባል ሐጂ ላይ ልንጮህ ሄድን።

"ኧረ እኔ አይደለሁም!" አሉ እየሳቁ፣ ወደ ኦጁሉ እየጠቆሙ።

ኦጁሉ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል።

"አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው" አለን። "እኔ እኮ እዚህ የተቀጠርኩት ዓሣ ሰልችቶኝ ነው!"