ባዶው የሰሚሲ ዝርዝር

ጠዋት ጠዋት ከዴቨንፖርት ወደ ኦክላንድ በሚሻገረው ጀልባ አጠገቤ የምትቀመጥ ሴት አለች። ስሟን ባላውቅም በቅናት ካሳረረችኝ ወራት አልፈዋል። ሰፊ የወንድ ጃኬት ለብሳ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ፣ ጭኗ ላይ ባስቀመጠችው ኮምፒውተር በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም ትጽፋለች። ሥራችን አንድ ነው። እኔ ማፕ በሚባለው የስምና የዝርዝር ማኅደር ውስጥ ነገሮችን በየስማቸው ስመድብ አስር መስመር እፈጃለሁ፤ ያም ሆኖ ለአዲስ ስም መጀመሪያ ባዶ ዝርዝር መክፈት እረሳና ፕሮግራሙ ይቆምብኛል። እሷ ማስቲካዋን እያኘከች በአንድ መስመር ትገላገለዋለች።

ዛሬ አጮልቄ አየሁ። የእሁድ ምሳ ድልድል ነው፤ በየሰዉ ስም ሥር የሚያመጣው ምግብ ተዘርዝሯል። ሉፔ ጎደሬና ዓሣ፣ ቪሊያሚ ዳቦ። ምግብ ያልተመደበለት ሰው ድልድሉ ውስጥ አይገባም፤ እሷ ግን በእጇ «ሰሚሲ» ብላ ጨመረችና ባዶ ዝርዝር ከፈተችለት።

ያዝኩሽ፣ አልኩ በልቤ።

«እህቴ፣ የሰሚሲን ምግብ ረሳሽው መሰለኝ» አልኳት ደስ እያለኝ።

«አልረሳሁም» አለች፣ የወረደ እጅጌዋን መልሳ እያጠፈች። «እሱ ምንም አያምጣ። ብቻ ይምጣ።»

ከጀልባው ስወርድ ኮዷን ረስቼዋለሁ። የቀናሁት በሰሚሲ ነው።