እሷን የነፈግኳት ክምር

የማኅበሩ ተራ ባልንጀራዬ ቤት የደረሰ ጊዜ፣ የንስሐ አባታችን ከግቢዋ ሙዝ ሥር ተቀምጠው ጠላቸውን ፉት አሉና “እዚህ ግቢ ስገባ ጁባ መሆኔን እረሳዋለሁ” አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀናሁ። ሌላ ስም ባወጣለት ደስ ባለኝ፤ ግን ቅናት ነው፣ ደግሞም አዲስ አልነበረም።

እኔና እሷ ጁባ የገባነው በአንድ ቀን ነው። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን፣ በአንድ ድስት ወጥ እየሠራን ሸጠናል። ኋላ ሳንጣላ ተለያየን፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ምግብ ቤት ከፈትን። ዛሬ እሷ ማረፊያ ክፍሎች አሏት፣ ደንበኛ በጥላ ሥር የሚመገብበት ሰፊ ግቢ አላት። የእኔ ምግብ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ነው። ሁለታችንም ኮር ዊሊያም ሠፈር ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ስለሆንን፣ ምሳ ሰዓት ሰዎች ደጄን አልፈው ወደ እሷ ሲሄዱ አያለሁ። አንዳንዶቹ ቆመው ሰላም ይሉኛል፤ እሱ ይብስብኛል።

በየወሩ አንዳችን ቤት ነው የምንሰበሰበው፤ ቀጣዩ ተራ የእኔ ነበር። ጽዋውን ተቀብዬ ቤቴ የገባሁ ዕለት፣ ከፍቼው የማላውቀውን የጓሮ በር ከፈትኩ። ያንን ግቢ ከተከራየሁት ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ዝናቡ ሲበረታ ሣሩ ከቁመቴ አልፏል፤ ጉሎው ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ሐረጉ የአጥሩን ቆርቆሮ ተሻግሮ ጎረቤት ገብቷል። መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ኒም ቆሟል፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠልና ፍሬ ሲያራግፍ የሚኖር። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ወሰንኩ። ማኅበሩ እዚህ ይሰበሰባል፤ አባታችን እሷ ቤት ያሉትን እኔም ቤት ይላሉ።

ማኅበሩ ሊደርስ ሳምንት ያህል ሲቀረው ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ገጀራ ገዛሁ፤ ከማንጋቴን ሠፈር አንድ ጎልማሳ የቀን ሠራተኛ አመጣሁ። ሦስት ቀን አብረን መነጠርን። መጀመሪያ ያሰብኩት ሣሩንና ጉሎውን ብቻ ነበር። መሬቱ ብቅ እያለ ሲመጣ ግን ማቆም አቃተኝ። ጠርጌ ዞር ስል ኒሙ ያንን ቅጠሉን መልሶ ይበትንብኛል፤ ጠርጌ ዞር ስል፣ እንደገና። ቁረጠው አልኩት ሰውየውን። ዛፉን ቀና ብሎ አየ፣ እኔን አየ፣ ላቡን ጠረገና “ኩሉ?” አለኝ፤ ሁሉንም? ማለቱ ነው።

“ኩሉ” አልኩት።

ክምሩ ከወጥ ቤቱ ጣሪያ እኩል ሆነ። እርጥብ ስለነበር በማግሥቱ ውስጡ ይግል ጀመር፤ ሽታው ደንበኛ ያባርራል፣ ዝንቡም አይነሣ። ላቃጥለው ብል ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቴ ቤት ሣር ክዳን ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ የጄኔሬተሬ ነዳጅ ተቀምጧል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሰዎች መኪናቸውን አቁመው አዩትና ተሳሳቁብኝ። እኛ የምንወስደው በማዳበሪያ የታሰረ ቆሻሻ ነው፣ ይሄ ጫካ ነው ብለውኝ ሄዱ። የማኅበሩ እሑድ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ሐሙስ ጠዋት ባልንጀራዬ መጣች። ወሬው ደርሷታል። ክምሩን ዞራ ዞራ አየችውና ለእኔ ስጪኝ አለች። ከሙዞቼ ሥር ጉድጓድ እያስቆፈርኩ የምቀብረው ይህንኑ ነው፤ ያ ሁሉ ልምላሜ የመጣው ከቅጠልና ከሣር ነው፤ የሚጭንልሽንም ራሴ እልካለሁ አለችኝ። ጭንቀቴን ከላዬ ልታነሣልኝ ነበር። እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው፤ ከእኔ ግቢ ወጥቶ የእሷን ግቢ ሊያለመልም ነው። ለሌላ ሰው ቃል ገብቼበታለሁ አልኳት። ማነው እሱ ብትለኝ የማታውቂው ሰው ነው አልኩ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሻይ እንኳ አልጋበዝኳትም። ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። እኔ በገዛ ቆሻሻዬ ቀናሁ።

ዓርብ አንድ የጭነት ባጃጅ ያዝኩ። ሩቅ ወስደህ ድፋው፣ ዓይኔ እንዳያየው አልኩት ሹፌሩን። “ማፊ ሙሽኪላ፣ ማማ” አለኝ፤ ችግር የለም። ቀኑን ሙሉ ተመላለሰ። ጭኖ ወጥቶ ሲመለስ ሽንኩርት ከትፌ እንኳ አልጨርስም። ምን ዓይነት ጎበዝ ነው አልኩና ምሳ አበላሁት።

ቅዳሜ ግቢው እንደ መዳፍ ተስተካከለ። ውኃ ረጨሁበት፤ ቀዩ መሬት ሲያምር! ወንበሮቹን በክብ ደረደርኩ። አንዷ የማኅበር አባል ድንኳን አልያዝሽም ወይ ብላ ደውላ ነበር። ድንኳን ከሸፈነው ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። የረጨሁት ውኃ ድራሹ ጠፍቷል። ፕላስቲኩ ወንበር ግሎ ሴቶቹ ተቀመጥ ብለው ብድግ አሉ። ደግነታቸው ነው፣ ማንም አላማረረም። አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤቱ ግንብ ተጠጉ፤ እዚያ አንድ ክንድ የምትሆን ጥላ አለች። ፀሐዩ ከፍ ባለ ቁጥር ያቺም አነሰች። አባታችን እግራቸውን ሰብስበው ፊታቸውን በመስቀላቸው መሸፈኛ ጨርቅ ያራግባሉ። ወደ ውስጥ እንዳላስገባቸው ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ ነው፣ የቆርቆሮው ግለትም ከውጪው ይብስ ነበር። አንዲት ሴትዮ በቅንነት፣ እዚህ ዛፍ አልነበረም እንዴ ብላ ጠየቀች። ወጥ ቤት ገብቼ ማማሰል የማያስፈልገውን ድስት ማማሰል ጀመርኩ።

ባልንጀራዬ ተከትላኝ ገባች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አባታችን ደክመዋል። ከፈቀድሽ እኔ ጋ እንውሰዳቸው። ማኅበሩ ያንቺው ነው፣ ድግሱም ያንቺ ነው፤ ጥላው ብቻ የእኔ ይሁን።”

ክፉ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁላት። ዳቦው፣ ጠላው፣ ድስቱ፣ ጽዋው፣ ሁሉም በሰው እጅ መንገድ ወጡ። እኔ የዶሮ ወጡን ድስት ይዤ መጨረሻ ላይ ሄድኩ። የባጃጅ ሹፌሮች ሠርግ ነው ብለው መንገድ ለቀቁልን።

እሷ ግቢ ሰዎቹ እንደገና ነፍስ ዘሩ። ድስቱን አስቀምጬ ቀና ስል ከሙዞቹ ሥር የጉሎ ግንድ አየሁ። ከአጠገቡ የኒም ቅርንጫፍ፣ ከሱ አጠገብ ሐረግ፣ ገና ያልተቀበረ፣ እስከ አጥሩ ድረስ። የእኔ ነው። ያ ጎበዝ ሹፌር ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመለስ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሠፈሩን ቅጠል ሁሉ አምጡልኝ ብላ ለባጃጆቹ ነግራቸው ኖሯል። አንገቴ ድረስ ተናደድኩ። ነገሩን አንሥቼ ልናገራት ዞር ስል፣ አጠገቤ ቆማ ክምሩን ስታይ አገኘኋት፤ ፊቷ በርቷል።

“ዓርብ ባጃጁ ሲያመጣው ከየት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ከአንቺ ነው አለኝ” አለችኝ። “ሐሙስ እንደዚያ ስትመልሽኝ ከፍቶኝ ነበር። ለካ ሳትነግሪኝ ልትልኪልኝ ኖሯል። ለሠራተኞቼ ሁሉ እህቴ ላከችልኝ አልኳቸው።”

በግቢው ሁሉ ሰው ጥላ አግኝቶ እየበላ ነው፤ እኔ የምበላው ግን ራሴን ነው።

“ለሙዞቹ ይሆናል ብዬ ነው” አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። በጥላዋ ቀንቼ ነበር፣ በደንበኞቿ ቀንቼ ነበር፣ አባታችን ባመሰገኗት ቃል ቀንቼ ነበር። ያን ሰዓት በደስታዋ ቀናሁ። ጁባ ከገባን ጀምሮ እሷ ለእኔ ስንት ነገር ልካልኛለች፤ በታመምኩ ጊዜ ሾርባ፣ ጋዝ ባለቀብኝ ጊዜ ከሰል። አንዱንም እንዲህ ደስ ብሎኝ ተቀብያት አላውቅም።