በበዓለ ሃምሳ «ጾም ነኝ» ያልኩ ሰው

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው «ብላ» ሲለኝ «ጾም ላይ ነኝ» እያልኩ ስዋሽ ቆይቻለሁ። ጾም አይደለም። ብቻዬን ማዕድ መቅረብ አቅቶኝ ነው።

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ዶሮ ወጥ ይዘው በሬን አንኳኩ። አፌ ለምዶበት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ነኝ» አልኳቸው።

«በበዓለ ሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት? ላንተ ብቻ የታወጀ ጾም አለ እንዴ?»

ማፈር እንኳ አልመጣልኝም።

«የስኳር መድኃኒት በባዶ ሆድህ እየዋጥክ ልትሞትብን ነው?» አሉና ወጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ሐዋሳ ያለችው ልጄ፣ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ምግብ እቤት ድረስ የሚያመጡ የሁለት ድርጅቶች ስልክ ልካልኝ ነበር። እትዬ አስካለ ስለ ስኳሬ ያሉት ከንክኖኝ ዛሬ ደወልኩ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ስለ ካሎሪ ብዙ አስተማረኝ። ምሳው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ሁለተኛዋ «ጨው የተቀነሰበት ምስርና ጎመን፣ ከገብስ እንጀራ ጋር አለን» አለችኝ። የማውቀው ምግብ ስለሆነ እሷን መረጥኩ።

«ለስንት ሰው ይሁን አባቴ?»

ዓይኔ ባለቤቴ ትቀመጥበት ወደነበረው ወንበር ሄደ።

«ሃሎ? አባቴ፣ አሉ?»

«ለአንድ ሰው» አልኳት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ምንም አልተሰማኝም።

እናንተስ፣ የትዳር ጓደኛችሁን ያጣችሁ፣ ብቻችሁን መብላት እንዴት ጀመራችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ ምግቡ ሲመጣ አማተብኩ። ከባለቤቴ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጬ በላሁ።