ጠብታ የማታፈስ መኪና

ወንድሜ ባጃጅ የሚሳፈረው እንደ ጣውላ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ በጎኑ ይጋደማል፤ ቀኝ እግሩ በበሩ ወጥቶ ውጭ ይቀራል፤ ባለባጃጁ ከመቀመጫው ሥር ቀይ ጨርቅ ይመዝና አውራ ጣቱ ላይ ያስርለታል። ረጅም ብረት የጫነ መኪና ጫፉ ላይ የሚያስረውን ዓይነት።

«ከኋላ የሚመጣ እንዳይገጭዎት ነው፣ ጋሸ» ይላል፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

የወረታ መገንጠያ ላይ የተኮለኮለው ባጃጅ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ከሁሉም አብልጨ የምስቀው እኔ ነበርሁ።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። አንድ ቀን ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲጠግን ክሪኩ ተንሸራተተና ጉልበቱን አደቀቀው። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው እግሩን አተረፉለት፤ መታጠፉን ግን ወሰዱበት። ጉልበት ሳይታጠፍ የሚያስቀምጥ የሾፌር ወንበር ደግሞ የለም። ከዚያ ወዲህ ሥራው በር ላይ ተቀምጦ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈውን ጭነት መኪና ማርሽ አቀያየር መሳደብ ሆነ። ስድቡ ጥሩ ነበር፤ አንዳንድ ሾፌር አቁሞ ያዳምጠው ነበር።

እኔ በር እና መስኮት በያጅ ነኝ። አንድ ጧት ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ሥዕል ይዞ ግቢየ መጣ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ እንደ እንቁራሪት መሬት ላይ የተለጠፈች ቀይ የእሽቅድምድም መኪና።

«ይችን ሥራልኝ» አለ።

«ጋሸ፣ ይች የጎረምሳ መኪና ናት። ፀጉርህንስ ቀለም ልቀባልህ?»

«ሰውየው እንዴት እንደተቀመጠ እይ፣ አንት ደንቆሮ።»

አየሁ። የሥዕሉ ሾፌር ወንበር ላይ ሳይሆን ወለል ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሁለት እግሩን ወደ ፊት ዘርግቷል።

«ጉልበቱ አልታጠፈም» አለ ወንድሜ። «ከእንግዲህ እግሬ ላይ ጨርቅ አይታሰርም።»

ያን ቀን አልሳቅሁም። በማግሥቱ ነው የሳቅሁት።

ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ዶሮ እንቁላል የሚጥልባት አሮጌ የቤት መኪና አገኘን። በሬውን ከጋጣው አስወጥተን እሷን አስገባን፤ በሬው እስከ ዛሬ ፊት ይነሣኛል። ቦዲዋን ገፍፌ ወለሏን ብቻ አስቀረሁ። የሩዝ ገለፈት የሞላ ጆንያ ወለሉ ላይ አነጠፍሁና ወንድሜን ከላዩ አስቀመጥሁት። እግሩን ዘረጋ። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን ለግራ እግሩ አመቻቸሁ፤ ጋዙን በሞተርሳይክል እጀታ ለእጁ ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ የሞተር ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሚስቱ ምሳ ይዛ መጥታ በበር ቆመች።

«ድሮ የምፈራለት ገደል ነበር፤ አሁን ወንድሙን ነው» አለች።

ከበርሜል ላሜራ፣ ከሥዕሉ እያየሁ፣ ቦዲውን ሠራሁ። የቤንዚኑን ታንክም ራሴ በየድሁት። በኔ ብየዳ ውኃ አያልፍም፤ ይህን ከአንበሳሜ እስከ ሐሙሲት ጠይቁ። ክዳኑን ላስቲክ አልብሼ ግጥም አደረግሁት፤ ታንኩን ውኃ ሞልቼ ገልብጨ ለሠፈሩ አሳየሁ። «ጠብታ አታፈስም!» አልሁ።

ሞተሩ ተነሣ። ለሙከራ እኔ ነዳኋት፤ እስከ ሩዝ መፈልፈያው ድረስ እየሸመጠጠች ሄደችና አሳላት፣ ጠፋች። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ ቤንዚን አለ። ካንዴላውን ቀየርሁ፤ ተነሣች። «ካንዴላው ነው» አልን። በማግሥቱ እዚያው ቦታ ጠፋች። ክዳኑን ከፈትሁ፤ ቤንዚን አለ። ቦቢናውን ቀየርሁ፤ ተነሣች። «ቦቢናው ነው።» ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፑ፣ ቀጥሎ ገመዱ። ወንድሜ ግቢው በር ላይ ተቀምጦ፣ እየተገፋች በተመለሰች ቁጥር ያው አንድ ነገር ይለኛል፦

«የተበላሸውስ እጅህ ነው። እሱን ቀይረው።»

በመጨረሻ ካርቡራተሩን ስንቀይር ከተማውን ሙሉ ዞረች። ዳነች ብለን ቀይ ቀለም ቀባናት።

ወንድሜ ሊነዳት በነበረበት የመጀመሪያው ቀን ሠፈሩ ግቢየን ሞላው። እሱም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በሩን ከፈትሁለት። እግሩን ሲያስቀድም ሰውየው ውጭ ይቀራል፤ ሰውየውን ስናስቀድም እግሩ ውጭ ይቀራል። በኋላው ሞከርን፤ በመስኮት ሞከርን። ያን ሁሉ ስንለካ ወለሉ ሜዳ ነበር፤ በር አልነበረም። ቁጭ ያለ ሰው ለክተን ቆሞ የሚገባ ሰው ረሳን።

«ቁረጡት እንጅ!» አለ አንዱ ጎረቤት።

«እግሩን ነው ጣሪያውን?» አልሁ።

«ምላስህን» አለ ወንድሜ። ላቡ ነጩን ሸሚዝ ጀርባው ላይ ለጥፎታል። ሰው እየሳቀ ተበተነ፤ እሱ በባጃጅ ሄደ፣ ጨርቁን አስሮ።

ጣሪያውን ቆረጥሁ። ጣሪያው ሲነሣ ቦዲው ስለተወላገደ፣ ለማንም የማይጠቅሙትን በሮች በየድኋቸው። በሩ እንዲህ ሆነ፦ ከባድ በር የማነሣበትን ፓራንኮ በብብቱ ሥር ባለፈ ጠፍር አስሬ፣ ሰንሰለቱን እየጎተትሁ ወደ ላይ አነሣዋለሁ፤ ከመኪናዋ በላይ ሲደርስ አወርደዋለሁ። ሐምሌ ነበር። ወንድሜ ሰማይና ምድር መሀል ሲደርስ ሰንሰለቱን ያዝሁት።

«ጋሸ፣ ከላይ ሐሙሲት ይታያል?»

«አውርደኝ፣ ሂጄ አይቼ እነግርሃለሁ።»

ገባ። እንቁላል ቅርፊቱ ውስጥ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረና ወደ ሐሙሲት መንገድ ወጣ። ትራፊኩ እንኳ ሰሌዳ የሌላትን መኪና ምን ብሎ እንደሚከስ ስላላወቀ እጁን ለሰላምታ አነሣ። ሚስቱ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ እኔን ረገመችኝ።

ዝናቡ መጣ። ፎገራ ላይ ሐምሌ ሲዘንብ ሰማዩ አይንጠባጠብም፣ ይገለበጣል። ወንድሜ አልተመለሰም። ስደውልለት «ና» ብሎ ዘጋው። መገንጠያው ላይ በዝናቡ እሄዳለሁ ያለኝ ባጃጅ አንድ ብቻ ነው፤ የባለ ቀይ ጨርቁ።

ሜዳው መሀል ደረስንበት። ግራ ቀኙ ሩዝ፣ መንገዱ ዳር ቀይዋ መኪና፣ ዙሪያዋን ከገበያ የሚመለስ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ፤ ሁለት ላሞችም ለማየት መጥተዋል። ወንድሜ እስከ ቀበቶው ውኃ ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ ከኋላ በደንብ ተከድኗል፣ ባትሪውም አብሮት፤ መኪናዋ ግን ጠፍታ አልነሣ ብላለች። የኔ ወለል፣ የኔ በሮች፣ ጠብታ አላፈሰሱም።

«እኒህ ሰውየ ሩዝ ሊተክሉባት ነው?» አለ አንድ ገበሬ።

ባለባጃጁ ከመቀመጫው ሥር ጨርቁን መዘዘ። «ጋሸ፣ እናንሣዎትና እኔ ላድርስዎት።»

ወንድሜ ጨርቁን አየ። አገጩ ተንቀጠቀጠ፤ በብርድ ነው ይላል እሱ።

«አልነሣም።»

«ትሞታለህ እኮ!» አልሁት።

«እዚሁ ቅበረኝ። ሣጥኑን ሠርተኸው የለ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ቤንዚኑን እይ» አለኝ፤ ሌላ የሚለው ስላጣ ነው እንጅ ቤንዚን ሞልቶ ነበር የወጣው።

ከፊት ሄጄ ክዳኑን ፈታሁ። ፍስስስስስ! ታንኩ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ። ሳቁ ቆመ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ቀና አለና አየኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«ይላል... አዎ።»

«ምን መሰለህ ታዲያ?»

«ጥሩ መዘጋቱ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረው አይጻፍም። ላሞቹ እንኳ ዞር አሉ። ጠብታ የማያስወጣ ታንክ አየርም አያስገባም፤ ቤንዚኑ እየቀነሰ ሲሄድ መኪናዋ የምትጠባውን አጥታ ትታፈናለች። እኛ ቤንዚን ለማየት በከፈትን ቁጥር ትተነፍሳለች፣ ምስጋናውን ግን ለካንዴላው፣ ለቦቢናው እንሰጣለን። ከተማውን የዞረች ቀን የክዳኑን ላስቲክ ግቢ ረስቼው ነበር።

«ክዳኑን ጣለው» አለ ወንድሜ። እጁን ከውኃው አውጥቶ ወደ ባለባጃጁ ዘረጋ። «ያን ጨርቅ ወዲህ በል።»

ባለባጃጁ እኔን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ሰጠው። ወንድሜ ጨርቁን ለኔ አቀበለኝና ታንኩ አፍ ላይ ላላ አድርጌ ወተፍሁት። ቁልፉን አዞረ። ተነሣች።

«ውኃውን ልጨልፍልህ?»

«ተወው። የማደርሰው ቦታ አለ።»

የገባኝ ከኋላ በባጃጅ ስከተለው ነው። መገንጠያው ላይ፣ ባጃጆቹ ተኮልኩለው ሾፌሮቹ ከሸራው ሥር ሻይ በሚጠጡበት ኩርባ፣ ፍሬን ሳይነካ ታጠፈ። ውኃው በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ እንደ ብርድ ልብስ ተዘረጋ፣ ወረደባቸው። ብርጭቆ ይዞ ያመለጠ የለም።

ግቢ ስደርስ ከፓራንኮው ሥር ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይጠብቀኛል። አሰርሁት፣ ሳብሁት፤ መሀል ሲደርስ ሰንሰለቱን ያዝሁት። ሱሪው እላየ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጋሸ፣ ከላይ ምን ይታያል?»

«ቀዳዳ የሚያስፈልገው ነገር» አለ፣ አናቴን ቁልቁል እያየ። «ክዳኑ ላይ አንድ ትበሳለህ። ወለሉ ላይ አንድ። ሦስተኛውን ለኔ ተውልኝ፣ ቦታውን አይቼዋለሁ።»

አወረድሁት። ሻየን ጠጥቼ ነው ግን።