የድልድይ ጠባቂው ዊብረን ውሻ ሊመርጥ ሲነሳ

ዊብረን ዳይክስትራ ፍሪስላንድ በሚባል አገር፣ ጀልባ በሚመላለስበት አንድ ቦይ ዳር፣ ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ድልድይ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖረ። እሱ ቀዩን መብራት ሲያበራ መኪናው ይቆማል፣ ብስክሌቱ ይቆማል፤ አንዴማ የሙሽራ አጀብ ሳይቀር ጀልባ እስኪያልፍ ቆሞ ጠብቆታል። በኋላ ግን ድልድዩ ከሩቅ ከተማ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሆነና ዊብረን ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ገባ። ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ማዘዝ የለመደ ሰው ቤት ሲውል የሚያዘው አያጣም። ሚስቱ ሬንስከ ድስት ስትጥድ «እሳቱ በዛ» ይላል። ልብስ ስታሰጣ «ነፋሱን አይተሽ ነው?» ይላል። ጎረቤት መኪናውን ሲያቆም ካየ ደግሞ ደጅ ወጥቶ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ በቃ!» እያለ በእጁ ይመራል። ሬንስከ ሦስት ወር ታገሠች። በአራተኛው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት የሻይ ማንኪያዎቹን እየለካ በመጠን በመጠናቸው ሲደረድር አገኘችውና ማንኪያዎቹን ከእጁ ተቀበለችው።

«ስማ ዊብረን፣» አለችው፣ «ወይ እዚህ ቤት ውሻ ይገባል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«ውሻ? በዚህ ዕድሜያችን? ውሻ ይዘን እናውቃለን እንዴ?»

«ባልም ይዤ አላውቅም ነበር። ለመድኩት።»

ዊብረን ነገሩን እንደ መንግሥት ሥራ ያዘው። ደብተር ገዛ፣ በማስመሪያ አሰመረ፣ ከላይ «ዝርያ፣ ክብደት፣ ፀጉር፣ ጩኸት፣ ታዛዥነት» ብሎ ጻፈ። «ታዛዥነት» የምትለዋን ሁለቴ አሰመረባት። ከቤተ መጻሕፍት አምስት ወፋፍራም መጽሐፍ ተሸክሞ መጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ስለ መቶ ሃያ የውሻ ዝርያ የሚተነትን፣ አንድም ውሻ ግን ዳብሶ የማያውቅ ሰው ሆነ።

መጀመሪያ ልቡ የሄደው ጀርመን ሼፐርድ ላይ ነበር።

«ይሄ የፖሊስ ውሻ ነው፣» አላት ሥዕሉን እያሳየ። «ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል።»

ሬንስከ ከምትሠራው ሹራብ ቀና አለች። «ስንት ኪሎ ይመዝናል ይላል?»

«እስከ አርባ።»

«አንተስ?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ጉልበትህስ?»

«የግራው ትንሽ ያስቸግረኛል።»

«እንግዲህ ድመት ያየ ዕለት ማን ማንን እንደሚጎትት አብረን እናያለን። ብቻ ቦዩ ውስጥ ስትገባ ሰው አልጠራልህም፤ ፎቶ ነው የማነሳህ።»

ዊብረን ጀርመን ሼፐርድን በማስመሪያ ሰረዘው።

ጎረቤታቸው ዳውወ በግ አርቢ ነው። ወሬውን ሲሰማ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ሳቀ። «መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል፣ ጎረቤት? የእኔን ቦንከን ውሰድና ቅዳሜንና እሁድን ሞክራት። ከእሷ የበለጠ ብልህ ውሻ በዚህ አገር የለም።»

እውነቱን ነው። ያስቸገረውም ብልህነቷ ነበር። ቦንከ የበግ እረኛ ዘር ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ዊብረን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ አንሸራሸራት። ሲመለሱ እሱ ሶፋው ላይ ተዘረረ፤ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ «በል፣ ማሟሟቂያው አለቀ፤ ሥራው የታለ?» በሚል ዓይን ታየው ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሬንስከ የምትዘምርበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሻይ ሊጠጡ መጡ። ከሬንስከ ጋር ሰባት ሴቶች ናቸው። አንዷ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ሁለቱ ኩሽና ገብተው፣ የቀሩት እዚህም እዚያም ተበታትነው ያወራሉ። ቦንከ ይህን መበታተን አልወደደችውም። አጎንብሳ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ በዝግታ ዞረቻቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰባቱም ሴቶች፣ እንዴት እንደሆነ ሳያውቁት፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ጥግ ውስጥ ገብተው፣ የስኳር ዳቦ የያዘውን ሳህናቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል።

«ሽንት ቤት መሄድ እችላለሁ?» አለች በወፍራም ድምፅ የምትዘምረው ሲትስከ።

«ሂጂ እንጂ!» አለቻት ሬንስከ ከዚያው ጥግ። «እኔን ምን ታስፈቅጂኛለሽ?»

«አንቺን መች አስፈቀድኩሽ?»

ሲትስከ ሁለት እርምጃ ሞከረች። ቦንከ ቁርጭምጭሚቷን በአፍንጫዋ ነካ አድርጋ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ይሄን ጊዜ ዊብረን ከሶፋው ተነሥቶ፣ ከወዲያኛው የቦይ ዳር በሚሰማው በዚያ በሥራ ድምፁ «ተይ! ቁሚ!» ሲል ጮኸ። ውሻዋ ዘወር ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ ለካችው። ከዚያ እሱንም ነድታ ስምንተኛ አድርጋ ጨመረችው። ዳውወ መጥቶ በፉጨት እስኪጠራት ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ሴቶቹ ጊዜው በከንቱ ከሚያልፍ ብለው ሁለት መዝሙር ተለማመዱ።

«ትንሽ ውሻ ይሁን፣» ተባለ ከዚያ ወዲያ። የሬንስከ እህት እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ፒት የሚባል ውሻ ነበራትና ለአንድ ቀን አዋሰቻቸው። ፒት ጅራቱን እየቆላ ከዊብረን ጋር እስከ ድልድዩ ሄደ። ድልድዩ መሀል ሲደርስ ግን ቁጭ አለ። ለዛሬ በቅቶታል። ዊብረን አዘዘ፣ ጎተተ፣ ዙሪያውን ገላምጦ ሰው እንዳይሰማው አድርጎ ለመነ። ፒት ወይ ፍንክች። ከኋላቸው ብስክሌቶች ተደረደሩ፤ አንድ ትራክተርም ጥሩምባውን ይነፋ ጀመር። ምን ያድርግ? ውሻውን እንደ ሕፃን ታቅፎ መንደሩን ሊያቋርጥ ሆነ። ፒት አገጩን ትከሻው ላይ ጥሎ መንገደኛውን እንደ ሹም ይገረምም ነበር።

«ዊብረን!» አለው ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ። «ክርስትናው መቼ ነው?»

በዚህ ዓይነት ጸደዩ ተጋመሰ። በኋላ ዊብረን በአንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ የገዛ አገሩን ውሻ አገኘ። ስታባይ ይባላል፤ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ፀጉሩ ረዘም ያለ፣ ጠባዩ ረጋ ያለ፣ ለጀማሪም የማይከብድ። «ይኸውልሽ!» ብሎ ጮኸ። «ጀርመን ድረስ የሄድኩት ደጄ ላይ ያለውን ትቼ ነው።» ስታባይ የምታራባ ሂስከ የምትባል ሴት አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቃ ትኖር ነበርና ደብተሩን ይዞ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ከሬንስከ ጋር ሄደ።

ሂስከ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ የጎማ ቦት ያጠለቀች፣ ቀጭን ሴት ናት። ኩሽናዋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ዊብረን ደብተሩን ዘርግቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የመጀመሪያው ጥያቄዬ...»

«ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣» አለችና ደብተሩን በእጇ ከደነችው። «ስንት ሰዓት ይነሳሉ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ዝናብ ሲሆንስ?»

«ዝናብ ሰዓት አይለውጥም።»

«ጥሩ። ጭቃ የነካው ምንጣፍ ሲያዩ ይናደዳሉ?»

ዊብረን ክራቫቱን አስተካከለ። ሬንስከ «እኔ አልናደድም፤ እሱ ይለካዋል፣» ብላ መለሰችለት።

ሂስከ ተነሥታ የጓዳውን በር ስትከፍት ስምንት ሳምንት የሆናቸው ስድስት ቡችሎች እየተንከባለሉ ወጡ። «እስቲ ይጥሯቸው፣» አለችው።

ዊብረን ቆመ። ኮቱን ቆለፈ። ያነበበውን ሁሉ አስታወሰ፤ ድምፅ ጽኑ መሆን አለበት ይላል መጽሐፉ። ደረቱን ነፍቶ «ና!» ሲል የቁም ሣጥኑ ሳህኖች ተንቀጫቀጩ። አምስቱ ቡችሎች ቁም ሣጥኑ ሥር ገብተው ጠፉ። ስድስተኛው ግን ከድንጋጤው የተነሳ መሸሽ አቅቶት ባለበት ቆመና የዊብረን ጫማ ላይ ሸናበት።

«ለእርስዎ ቡችላ አልሰጥም፣» አለች ሂስከ ጨርቅ እያቀበለችው።

የዊብረን ፊት ቀላ። «እመቤት፣ እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሦስት መቶ ቶን የጫነ መርከብ ሳስቆም የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«መርከቡ ድልድዩን ፈርቶ ነው የቆመው። እርስዎን መቼ አየዎት?»

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው ሬንስከ ነበረች። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። ከዚያ አላስቻላትም፤ መኪናዋን ዳር አቁማ፣ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዊብረን እርጥብ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳቋ ሲበርድላት ነው ጆሮው ድረስ እንደቀላ ያየችው፤ ያን ጊዜ አዘነችለትና እጁን ያዘችው። እሱ ግን ሳምንት ሙሉ ስለ ውሻ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ደብተሩም መደርደሪያ ላይ ወጣ።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ለሬንስከ «መጣሁ» ብቻ ብሎ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ፊት ለፊት የሚመታ ነፋስ እየታገለ አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር ሄዶ ሂስከ በር ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

«ቡችላ ፈልጌ አይደለም፣» አላት። «ምኑን እንዳበላሸሁ እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

ሂስከ ትንሽ አየችውና መጥረጊያ አቀበለችው። ጉረኖውን ሲጠርግ ዋለ። ሲጨርስ ኔልከ የምትባል ቡናማና ነጭ ውሻ በማሰሪያ አስይዛ ሰጠችው። የስድስት ዓመት ውሻ ናት፤ ሦስት ጊዜ ወልዳለች፣ ከእንግዲህ አትወልድም። «ከእሷ ጋር ይሂዱ። ምንም አይዘዟት። ስትቆም ይቁሙ።»

ኔልከ በየአሥር እርምጃው ቆመች። ሣር አሸተተች፣ ዳክዬ አየች፣ አንድ የአጥር እንጨት አጠገብ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አሰበች። ዊብረን መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ ዳክዬዎቹን ማየት ያዘ። አሥራ አንድ ጫጩት ነበራቸው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ የሂስከ ቀን ሆነ። ለውሻ ማባበያ የሚሆን የደረቀ ጉበት ኪሱ ውስጥ መያዝ ተማረ፤ የኮቱ ጠረን እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተከተለው። ውሻ በጩኸት እንደማይመጣ፣ ቁጢጥ ብሎ በቀስታ ሲጠሩት ግን እንደሚሮጥ ተማረ። ቁጢጥ ማለቱን ጉልበቱ ባይወደውም ቻለው። በመሀሉ ቡችሎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። የመጨረሻውን፣ ያን ጫማው ላይ የሸናውን፣ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ስትወስደው ዊብረን እዚያው ነበር። መኪናው እስኪሰወር በሩ ላይ ቆመ።

«ከእነሱ መሀል አንዱ ይደርሰኛል ብዬ ነበር፣» አለ ቀስ ብሎ።

«ቡችላ ለእርስዎ አይሆንም፣» አለች ሂስከ። «ቡችላ ሁሉን ከዜሮ መማር አለበት፤ እርስዎም እንደዚያው። ሁለት ጀማሪ አንድ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? አንዳችሁ እንኳ የሚያውቅ መሆን አለበት።» ከዚያ በአገጯ ወደ ታች አመለከተች። ኔልከ እግሩ ሥር ተኝታ ነበር፤ አገጯ ጫማው ላይ ነው። «ይቺ ግን ታውቃለች። ከመረጠችዎት ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ እርስዎ ነዎት ያላዩት።»

ዊብረን ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን ዳሰሰ። በደብተሩ ላይ «ፀጉር» በሚለው ሥር ብዙ ጽፎ ነበር፤ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ግን አንድም ቦታ አልጻፈም።

ኔልከ ቤት የገባች ዕለት ሬንስከ ሕግ አወጣች። «ውሻ ፎቅ አይወጣም። ምንጣፏ በሩ አጠገብ ነው፤ አለቀ።» ኔልከ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንጣፏ ላይ ተኛች። በሁለተኛው ሳምንት የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ተገኘች፤ ሬንስከ «አንድ እርከን ፎቅ አይባልም» አለች። በሦስተኛው ሳምንት አራተኛው ላይ ነበረች። ዊብረን ምንም አላለም፤ ዝም ማለትን ተምሯል። በመስከረም አንድ ዝናባማ ጠዋት ሻይ ይዞ ወደ መኝታ ቤት ሲወጣ፣ ኔልከ በእሱ ቦታ፣ በእሱ ትራስ ላይ ጋደም ብላለች፤ ሬንስከ ብርድ ልብሱን እየጎተተች ታለብሳታለች።

«በርዷት ነው፣» አለችው ቀና ሳትል። «ምን ቆመህ ታያለህ? ሻዩን አስቀምጥና ለራስህ ወንበር አምጣ።»